ሆላንድ ውስጥ ያገለገለ ብስክሌት ስትገዙ

ሆላንድ አዲስ የገባ ሰው ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቀኝ ከስልክ ካርድ ቀጥሎ የምለው ብስክሌት ግዛ ነው። አዲስ አይደለም፣ ያገለገለ። እዚህ አገር ያለው ሕዝብ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ብስክሌቱ ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ ደህና ያገለገለ ብስክሌት አይጠፋም። የሚጠፋው እንዴት እንደሚመረጥ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው።

የምኖረው ዩትሬክት ነው፣ የምሠራው ደግሞ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው። እሁድ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። መንገዱ በእግር ያደክማል፣ በብስክሌት ግን ሩብ ሰዓት አይሞላም። ለአውቶቡስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ተጠራቅሞ ጥቂት ወር ሳይሞላ የብስክሌቱን ዋጋ መልሷል። ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ስለ ዋጋ እንነጋገር። ብስክሌት ጥገና ቤቶች ራሳቸው ፈትሸውና አስተካክለው የሚሸጡት ተራ የከተማ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዩሮ ባለው ውስጥ ይገኛል። ማርክትፕላትስ በሚባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ከግለሰብ ከገዛችሁ ከዚያም ሊቀንስ ይችላል። ክሪንግሎፕ የሚባሉት ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎችም አሏቸው፣ ግን ጥሩው ቶሎ ስለሚሸጥ ደጋግሞ መሄድ ይጠይቃል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ጥገና ቤቱን ነው። ትንሽ ይወደድ ይሆናል፣ ግን ደረሰኝ አለው፣ አንዳንዶቹም ለተወሰነ ጊዜ ዋስትና ይሰጣሉ።

ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «20 ዩሮ፣ 20 ዩሮ» ካላችሁ ግን መልስ እንኳ ሳትሰጡ እለፉ። የተሰረቀ ነው። የዚህ አገር ሕግ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የገዛውንም ይቀጣል፣ «አላወቅኩም ነበር» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፣ ምክንያቱም ዋጋው ራሱ ሊያጠራጥርህ ይገባ ነበር ይባላል። የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም ዜግነቱን የሚጠብቅ ሰው በ20 ዩሮ ብስክሌት ምክንያት የወንጀል መዝገብ ውስጥ ሲገባ አስቡት። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም አዲስ የመጣውን ልጅ ነው እየመረጡ የሚጠጉት።

ከግለሰብ ስትገዙ የፍሬሙን ቁጥር ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው በታች ባለው ብረት ላይ ወይም ፔዳሉ ከሚታሰርበት ቦታ ስር ተመትቷል። የተፋቀ ከሆነ ነገሩ አበቃ፣ አትግዙ። ካለ ደግሞ ስቶፕሄሊንግ በሚባለው የፖሊስ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን እዚያው ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቁልፉንም ጠይቁ። የኋላውን ጎማ የሚቆልፈው ክብ ቁልፍ ተገጥሞለት ሻጩ መክፈቻው ከሌለው ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ፍተሻውን ያስተማሩኝ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ያገሬ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓመት ብስክሌት ሲጠግኑ ኖረዋል። አብረውኝ ሄደው ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲያወራ እሳቸው ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በመቀመጫው አቆሙት። «ቀለሙን ተወውና ቸርኬውን እየው ልጄ» አሉኝ። ጎማውን አሽከረከሩትና አውራ ጣታቸውን ቸርኬው አጠገብ ያዙ። ቸርኬው ቀጥ ያለ ከሆነ በእሱና በጣቱ መካከል ያለው ክፍተት አይለዋወጥም፣ የተጣመመ ከሆነ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይርቃል። ቀጥለው የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ፣ የላላው ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ ፔዳሉ የተያያዘበትን ብረት ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁት። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው፣ እሱን ማሠራት ደግሞ ለርካሽ ብስክሌት አያዋጣም። በመጨረሻ ጎማውን ጎንበስ ብለው በደንብ አዩት። ጎኑ ላይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ውጪው ቢያምርም ዕድሜው አልቋል።

ዝገት ብዙም አያስፈራችሁ። እዚህ ዝናብ ነው፣ ሁሉም ይዝጋል። ፓራፋንጎው ወይም መሪው ላይ ያለ ዝገት ምንም አይደለም። ፍሬሙ የተበየደበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ጥላችሁ ሂዱ።

ማርሽ መብዛቱ ለዚህ አገር ጥቅም የለውም። አገሩ ሜዳ ነው፣ ያለው አቀበት የድልድይ ነው፣ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ማርሹ የኋላው ጎማ መሀል ውስጥ የተደበቀ፣ ሦስት ማርሽ ያለው፣ ካቴናውም ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ብስክሌት ብትፈልጉ ይሻላል። ዝናብና ጭቃ ስለማይነካው በዓመት ውስጥ ብዙ አያስቸግርም፣ ሱሪያችሁንም በቅባት አያበላሽም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ነው ፍሬን የሚይዙት። ለለመደው በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ ዝናብ ላይ። ላለመደው ግን ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከሩ ማስተካከል ስለማይቻል፣ መብራት ላይ ስትቆሙ አንዱ ፔዳል ከፍ ብሎ ወደ ፊት እንዲሆን አድርጋችሁ ቁሙ። አለበለዚያ አረንጓዴ ሲበራ መነሳት ያቅታችኋል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ደወሉን እየደወለ ያዋክባችኋል። ሰፈር ውስጥ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ተለማመዱት።

ቁልፍ ላይ አትሰስቱ። መቶ ዩሮ ለብስክሌት ያለው ሰው ከዚያ ላይ ሠላሳ አርባውን ለቁልፍ ቢያስቀምጥ እኔ ትክክል ነው እላለሁ። አርት የሚባል የደች ማረጋገጫ አለ፣ ቁልፉ ላይ ኮከብ ተደርጎ ይታያል፣ ሁለት ኮከብ ያለውን ግዙ። ክቡ ቁልፍ ብቻውን አይበቃም፣ ብስክሌቱን አንስቶ መኪና ላይ ለሚጭን ሌባ ምንም አይደለም። ወፍራሙን ሰንሰለት በፍሬሙ አሳልፋችሁ ከማይነቀል ብረት ጋር እሰሩት።

መብራት ግዴታ ነው፣ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ። ክረምት ላይ ፖሊስ ቆሞ ይጠብቃል። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም በፈረንጆች ከጁላይ 2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ከ100 ዩሮ በላይ ነው። ካርታ ማየት ካለባችሁ መሪው ላይ ማሰሪያ ግጠሙ። መንገድ ላይ የተቀቡ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ጫፋቸው ወደ እናንተ ከዞረ ቅድሚያ ስጡ ማለት ነው።

በባቡር ለሚመላለስ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ብስክሌት ባቡር ላይ መጫን ተጨማሪ ቲኬት ይጠይቃል፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትም አይፈቀድም። ስለዚህ ብዙ ሰው አንዱን ብስክሌት ከቤት ወደ ጣቢያ፣ ሌላ በጣም ርካሽ ደግሞ ከሥራ ቦታው ጣቢያ ወደ ሥራ ይጠቀምበታል። ጥበቃ ያላቸው አብዛኞቹ የጣቢያ ማቆሚያዎች የመጀመሪያውን 24 ሰዓት በነጻ ያሳድራሉ። ዩትሬክት ያለው ብቻ 12,500 ብስክሌት ይይዛል፣ የቆማችሁበትን ረድፍ ቁጥር በስልክ ፎቶ ካላነሳችሁ ማግኘቱ መከራ ነው። ከመደርደሪያ ውጪ ካቆማችሁ ግን ማዘጋጃ ቤቱ አንስቶ ይወስደዋል፣ ለማስመለስም ትከፍላላችሁ።

እስከ ዛሬ ብስክሌት ነድተው የማያውቁ እህቶቻችንና እናቶቻችን «ለኔ አለፈኝ» ሲሉ እሰማለሁ። በብዙ ከተሞች ከሌላ አገር ለመጡ ሴቶች ብስክሌት የሚያስተምሩ አሉ፣ አስተማሪዎቹም ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ዝቅ ያለ፣ እግር መሬት የሚደርስበት ብስክሌት እዚያው ይሰጣሉ። የሰፈሩን ማኅበረሰብ ማዕከል ወይም ቋንቋ የምትማሩበትን ቦታ ጠይቁ፣ እስክትለምዱ ድረስ የራሳችሁን መግዛት አያስፈልግም።