እስከ ደብረ ብርሃን፣ ያለ ለውዝ

እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጓደኛዬ ጋር በሳይክል ወደ ደብረ ብርሃን ተነሳን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የሱ ቦርሳ ውስጥ ፓምፕና ውሃ ብቻ ነው ያለው። «መንገድ ላይ ምን ጠፍቶ!» ይላል። የኔ ቦርሳ ግን ጉሊት ይመስላል። ሙዝ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ፣ ማታ የለወስኩት ጭኮ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አለርጂ ሲነሳብኝ የምወጋው የአድሬናሊን መርፌ። ለውዝ አይስማማኝም። አይስማማኝም ስል ሆዴን ይነፋኛል ማለቴ አይደለም። ከንፈሬ ያብጣል፣ ጉሮሮዬ ይጠባል።

ሳይክል የነዳ ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይበሉ ከነዱ እግር ከባለቤቱ ጋር ይጣላል። ለረጅም መንገድ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። የሰባት ሰዓቱን መንገድ በሙዝ ብቻ ልወጣው ብል ከ9 እስከ 17 ሙዝ ሊያስፈልገኝ ነው። ዝንጀሮም አይሞክረው።

ለሳይክል እንደ ቆሎ የሚሆን የለም። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይቀልጥም፣ አይበላሽም። የኔ ችግር ስኒው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቢሾፍቱ መንገድ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። አንድም የለውዝ ፍሬ አልነበረበትም፣ ለቅሜ አይቼዋለሁ። ግማሹን ሳልጨርስ ከንፈሬ እንደ ፓስቲ ተነፋ። ገብሱ የተሰፈረበት ስኒ ትንሽ ቀደም ብሎ ለውዝ ሲሰፈርበት ነበር። ለኔ ስኒው ላይ የቀረው ብናኝ ይበቃል። ለውዝ የተቆላበት ምጣድም እንደዚያው ነው።

ሰንዳፋ ላይ ሻይ ጠጣን። ጓደኛዬ ቦምቦሊኖ ደገመ፤ እኔ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ስላላወቅኩ አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ከባድ የሚባል አይደለም፣ ግን አያልቅም። ሸኖ ስንደርስ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ፣ ጭኮዬም አለቀ። ሸኖ በቅቤዋ ነው የምትታወቀው። ጓደኛዬ «የለውዝ ቅቤ ልጠይቅልህ?» እያለ ያላግጣል።

መንገዱ ዳር አንዲት እናት ሦስት ሰፌድ ዘርግተዋል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ። ስኒው የለውዙ ክምር ላይ ተሰክቷል።

«እማማ፣ ለውዝ ያልነካው ነገር ይኖራል?»

«ገብሱ አለልህ፣ ንጹሕ ነው።» እጃቸው ወደ ስኒው ሄደ።

«በዚያ ስኒ ከሆነ አልችልም። ለውዝ ያመኛል።»

«ጥርስህን ነው?»

«አይ፣ ትንሽ ከነካኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል።»

ስኒውን አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና አሳዩኝ። ምን ልበል? ለሌላ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ከኋላቸው ካለው ዘንቢል በጨርቅ የተጠቀለለ ቅቅል ድንች አወጡ። ምሳቸው ነው። ገና ይሞቃል። ከነልጣጩ ተቀብዬ ራሴው ላጥኩት፣ ከቦርሳዬ ጨው ነሰነስኩበት። ነፋሱ ጆሮዬን እየቆረጠው ጣቶቼን ድንቹ ላይ አሞቅኩ። ሒሳብ ስጠይቅ የቆሎውን ስኒ እጥፍ ጠሩብኝ። አልተከራከርኩም፣ የሰው ምሳ ነው የበላሁት።

ጓደኛዬ በበኩሉ መፍትሔ አገኘሁ አለ። ጎጃሜ ነው፤ «ለምን ግብጦ አትይዝም?» አለኝ፣ የአገሩን ጥራጥሬ። እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል። ለውዝ ከሽምብራና ከአተር ወገን ነው፣ ቢሆንም ሽሮ እኔን ምንም አያደርገኝም። የግብጦ ፕሮቲን ግን ከለውዝ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል የአንዳንዱ ባለ አለርጂ ሰውነት ሊያምታታቸው ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ እንዲጻፉ ከታዘዙት 14 የአለርጂ ምግቦች አንዱ ግብጦ ነው። ይህን ስነግረው «እንግዲያው አየር ብላ» ብሎ ጥሎኝ ነዳ።

ጫጫ ላይ በሶዬን በውሃና በስኳር በጠበጥኩ። ወፍራም ነው፣ ጠርሙሱን መታ መታ ካላደረጉት አይወርድም፣ ግን ደብረ ብርሃን አደረሰኝ። ገበያ ገብቼ ሁለት ኪሎ ጥሬ ገብስ ገዛሁ፤ ቤቴ፣ በራሴ ምጣድ ልቆላው።

ሳይክሎቹን ሚኒባስ ላይ ጭነን ተመለስን። ገና ከተማውን ሳንወጣ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ፈታ። ሽታው ቀደመኝ። «እንብላ» አለኝ በፈገግታ። አመስግኜ መስኮቱን ከፈትኩ። ወዲያው ከኋላ ድምፅ መጣ፦

«ኧረ መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!»