ኮስግሬቭ ወንበሩን የለቀቀ ዕለት

ደብሊን ውስጥ ሥራ የምሄደው በትራም ነው። ሴንት ጄምስ ሆስፒታል ጋ ስወርድ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የአየርላንድ መንግሥት መሪ የነበረው ዊልያም ኮስግሬቭ ነው። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ እዚሁ ጄምስ ስትሪት ላይ ግሮሰሪ ነበራቸው። ሆስፒታሉ ያለበት ግቢ ያኔ የድሆች መጠለያ ነበር። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሳው የ1916ቱ የፋሲካ አመፅ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ግቢውን ይዘው ከተዋጉት አንዱ እሱ ነው። በእናት የሚገናኘው ወንድሙ ፍራንክ በርክ እዚያው በጥይት ወደቀ። ኮስግሬቭ ራሱ ሞት ተፈረደበት፤ ኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት።

የአየርላንድ ነፃነት ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠራው ማይክል ኮሊንስን ነው። ኦገስት 1922 ግን የአዲሱ መንግሥት መሪዎች አርተር ግሪፊትና ኮሊንስ በአሥር ቀን ልዩነት ሞቱ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ስምምነት በተቀበሉና ባልተቀበሉ አየርላንዳውያን መካከል የተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት እንደተፋፋመ መንግሥቱ የ42 ዓመቱ ኮስግሬቭ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

መንግሥቱ 77 እስረኞችን ረሸነ። ይህን ዘልዬ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ሰውዬውን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ነገር ግን ይቅር ማለት ይከብደኛል። ጃንዋሪ 1923 ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ቤቱን አቃጠሉበት።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ብዙ ሠርቷል። በ1929 የሻነን ወንዝ አርድናክረሻ ላይ መብራት ማመንጨት ጀመረ። እኔን የሚይዘኝ ግን ማርች 9፣ 1932 ነው።

ምርጫውን ተሸንፏል፤ የኤመን ዴ ቫሌራ ፓርቲ 72 ወንበር፣ የእሱ 57። ያሸነፉት እኮ በጦርነቱ የተታኮሳቸው ሰዎች ናቸው! ጦሩና ፖሊሱ አሥር ዓመት በእሱ መንግሥት ሥር ነበሩ። አንዳንዶቹ አዲስ ተመራጮች መፈንቅለ መንግሥት ፈርተው ሽጉጥ ኪሳቸው ከትተው ነበር ምክር ቤት የገቡት። ዴ ቫሌራን መሪ ለማድረግ ድምፅ ተሰጠ፤ 81 ለ68። ኮስግሬቭ ወንበሩን ለቀቀ። ከጦር ሰፈሩም የተንቀሳቀሰ ወታደር አልነበረም። ኪስ ውስጥ የነበሩት ሽጉጦች እዚያው ኪስ ውስጥ ቀሩ።

ኮስግሬቭ በ1965 ሲሞት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዴ ቫሌራ ነበር። መቃብሩ ጎልደንብሪጅ ነው፤ ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ትራሙን ትቼ በእግሬ እዚያ ድረስ ሄጃለሁ።