ላስ ቬጋስ፣ ከመኪናው ሥር ተንበርክኬ

ከዴንቨር ላስ ቬጋስ በመኪና አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር መሪውን እየተቀባበልን ሌሊቱን ሙሉ ነድተን ማለዳ ላይ የአክስቴ ልጅ ቤት ደረስን። እሱም እንደ ብዙ የቬጋስ አበሻ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከሌሊት ሥራ ገና መግባቱ ነበር። ሽሮ አሙቆ አቀረበልንና «ቆርቆሮ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» ብሎ ሳቀብን።

እኔ የምሠራው ላሜራ ቤት ነው፤ ሴማ የተባለውን የመኪና ማሳመሪያና መለዋወጫ ትርኢት ለማየት ስመኝ ዓመታት አልፈዋል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሎስ አንጀለስ፣ ዶጀር ስታዲየም፣ ከተመልካች መቀመጫ ሥር ነው። ከ1977 ወዲህ ቬጋስ ላይ ከትሟል። በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ይቆያል። ዋናው ዓላማው የባለሙያና የነጋዴ ገበያ ስለሆነ የገባነው በጋራዣችን ስም ነው። አዳራሾቹ ተራራቁብኝ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በምድር ውስጥ ዋሻ በቴስላ ያመላልሳሉ። እኛ ግን በእግራችን ዞርን፤ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ተጸጸትኩ።

አዲስ አበባ ሳድግ መኪና ማሳመር ማለት ዲኤክስ ላይ ሰፊ ቸርኬ መግጠም፣ ሞላ ቆርጦ ዝቅ ማድረግና ማርሚታውን ማስጮህ ነበር። እዚህም መጀመሪያ ዐይኔ የሄደው ወደዚያው ነው፦ ወደ ጎማና ወደ ድምፅ። ያቆመኝ ግን አንድ የስድሳዎቹ ሙስታንግ ነው። ሥሩ እንዲታይ ወለሉ ላይ መስተዋት አንጥፈዋል። ተንበርክኬ አየሁት። ብየዳው ተሞርዶ ከላሜራው ጋር አንድ ሆኗል። በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች ቅንጣት አይዛነፍም። ፓራውልቱ ተቆርጦ፣ ጠብቦ፣ ዳግም ተበይዶ ገላው ላይ ልክክ ብሏል። ይህን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው፤ ያን ለመሥራት ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ።

ባለቤቱ ጺሙ የነጣ ሰው ነው። ከወለሉ ስነሳ «ላሜራ ሠሪ ነህ አይደል?» አለኝ። በምን እንዳወቀ ብጠይቀው «ሌላው ሰው ኮፈኑን ክፈትልኝ ነው የሚለኝ» አለ።

ኮፈን የሚያስከፍቱት ደግሞ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ ያንኑ ነው፤ የሸቭሮሌውን ኤልኤስ ሞተር። ጃፓን መኪና ውስጥ ኤልኤስ፣ ጀርመን መኪና ውስጥ ኤልኤስ። አንድ ጎልማሳ «ከእንግዲህስ ኮፈን አላስከፍትም፣ ሰለቸኝ» ሲል ሰማሁት። ሠሪው ወጣት አልተቀየመም፤ «ርካሽ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ዕቃው የትም ይገኛል» ብሎ መለሰለት። አገር ቤት ሁሉም ሰው ቶዮታ የሚገዛበትን ምክንያት የሚነግረኝ መሰለኝ።

የከረረው ክርክር አንድ ፓራፋንጎው ተቆርጦ ሰፊ ፕላስቲክ በሪቬት የተመታበት የጃፓን ስፖርት መኪና ዙሪያ ነበር። ይህን ፈሊጥ ካገነኑት አንዱ ናጎያ አቅራቢያ ያለው ሊበርቲ ዎክ የተባለ የጃፓን መኪና ማሳመሪያ ቤት ነው። አንዱ «ኦሪጅናል ላሜራ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፣ ኃጢአት ነው» አለ። ሌላው «ፋብሪካ ያወጣውማ ሺህ ወንድም አለው፣ ይኼ ግን ብቻውን ነው» ብሎ ተከራከረ። እኔ በመቁረጡ አልተቃወምኩም፤ እኛም ቆርጠን ነው የምንኖረው። እጄን ከጎማው በላይ ሰድጄ ጠርዙን ስዳስሰው ግን ቀለም አልነካውም፤ ዝገቱ ጣቴ ላይ ቀረ። ሪቬቱ ከውጭ ጌጥ ይመስላል፤ ከውስጥ የተጣደፈ ሰው ሥራ ነው። አጠገቤ የቆመ ልጅ ጣቴን አይቶ «ከእነዚህ ስንቱ ትናንት ማታ ሆቴል ማቆሚያ ላይ እንደተገጣጠመ ብታውቅ» አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትርኢቱ ሲዘጋ መኪኖቹ ተራ በተራ ወደ ጎዳና ይወጣሉ። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ሰዓት ነው። ሕዝቡ አጥሩን ተደግፎ ይጮኻል፣ ሾፌሮቹ ነዳጅ ይረግጣሉ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ባለ ነጭ ጺሙ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን አስደግፎ፣ ቀስ ብሎ አለፈ፤ እጄን ባወዛውዝለት ጥሩንባ ነፋልኝ።

ከእሱ ኋላ ሞተሩ ብር ብር የሚል ሌላ መኪና መጣ። ወደ መሬት በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሳ መውጫው ላይ ያለችው እብጠት ሆዱን ያዘችው። አራት ልጆች ወርደው ገፉት። ሞተሩ ጠፋ። እንደገና ገፉት።

የአክስቴ ልጅ ሊወስደን መጥቶ፣ የታክሲውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ለዚህ ቦሎ የሚሰጠው ማን ነው?» አለኝ።