ሕንጻውን እኛ ሠራን፣ በሩን ሌላ ሰው ወሰነው

ጎንደር ዳር ላይ የገበያ ማዕከል ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ ስጀምር ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ሁሉም ስለ ብረትና ሲሚንቶ ዋጋ መከረኝ። ስለ መንገድ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ፒያሳና አራዳ ኪራይ ያንገፈገፈን ነጋዴዎች ነን። ፒያሳ ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ወረራ ጊዜ የቀየሰው ሰፈር ነው፤ ለዚያ ዘመን መኪና ይበቃ ነበር። ዛሬ አንድ ኢሱዙ ዕቃ ለማራገፍ ከቆመ ከኋላው ያለው ባጃጅ ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። የፋሲል ግቢ ዙሪያ ደግሞ የዓለም ቅርስ አጠገብ ነው፣ እንደልብ የሚገነባበት አይደለም። ስለዚህ ወጣ እንበል አልንና በማኅበር ተደራጀን። ሰፈሩን አልጠቅስም፤ ከጠቀስኩ ማን እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል፣ ቢሮ ደግሞ ገና የማስጨርሰው ጉዳይ አለኝ።

ቀላሉን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። መሬቱን በሊዝ ጨረታ አገኘን፤ በአዋጅ 721/2004 የሚሄደው የተለመደ መንገድ ነው። ካርታ ወጣ። አፈሩ ተመረመረ። የፕላን ስምምነት ወሰድን። ሕንጻው ሕዝብ የሚገለገልበት ስለሆነ በሕንጻ አዋጁ፣ በ624/2001፣ ምድብ «ሐ» ውስጥ ወደቀ። የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ስዕል አስገባን። የግንባታ ፈቃድ ተሰጠን። ይኼ ሁሉ ብር ይበላል እንጂ እንቅልፍ አይነሳም።

እንቅልፍ የነሳኝ አንዲት ቀስት ናት።

በዚያ ሁሉ የስዕል ጥቅል ውስጥ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን በየት እንደሚገባ የምታሳይ አንድ ቀስት ብቻ ነበረች። ከመንገዱ ማዶ ተነስታ፣ መንገዱን አቋርጣ፣ ቀጥ ብላ በራችን ውስጥ ትገባለች። አማካሪው አስቀመጣት፣ ቢሮው አጸደቃት፣ ማኅተም አረፈባት። በሩን መሃል ላይ፣ ሱቆቹን በግራና በቀኝ አድርገን ሠራን።

ሕንጻው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ከፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ደስ አለን፤ መንገድ ሲሰፋ የማይደሰት ነጋዴ አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ መሃል ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመሩ። አካፋይ ነው። ከእኛ በር ፊት ለፊት ክፍተት የለውም። ከአደባባዩ ጀምሮ ወጥ ነው።

ሮጥኩ። ፎርማኑ ትሑት ልጅ ነው። «ጋሸ፣ እኔ እኮ ስዕል ነው የምከተል» አለና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። በስዕሉ ላይ የእኛ ቦታ ባዶ መስክ ነው። ሁለት ፎቅ የወጣ ሕንጻ አጠገቤ ቆሟል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሣር ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ለሕንጻው ፈቃድ የሰጠውና መንገዱን የሚከታተለው ክፍል የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው «መንገድ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ሁለተኛው «ሕንጻውን ማን አጸደቀው? እሱን ጠይቅ» አለኝ። መሃላቸው ያለው አንድ ኮሪደር ነው። እየተሻገርኩ ደብዳቤ አመላለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ ፋይሉ አልተገኘም። በሕግ ደረጃ ክፍተት አለ እንዳይባል እንኳ የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ ከመዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም ከጠቅላላው የከተማ ፕላን፣ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን አስቀምጧል። መንገዱ፣ ቦታውና ሕንጻው አንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ለሰፈራችን የተሠራ እንደሆነ ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ።

በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ለማየት መጣ። መቼ? ሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ። ጎንደር ውስጥ ገበያ መቼ እንደሚደምቅ የማያውቅ ሕጻን የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ኑ ብዬ ለምኛለሁ። «ቅዳሜ ከሰዓት የሥራ ሰዓት አይደለም» አሉኝ። ቆመው አዩ፣ አንድ ጋሪና ሦስት ባጃጅ አለፈ፣ «የሚታይ መጨናነቅ የለም» ብለው ፈረሙ። ያ ወረቀት አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ማዕከሉ ተከፈተ። ከማዶ የሚመጣ ባጃጅ እስከ አደባባዩ ሄዶ መመለስ አለበት። ሾፌሩ ለዚያ ተጨማሪ ብር ይጠይቃል፣ ተሳፋሪው እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ማዶ ላይ ያወርደዋል። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ፣ ፌስታል አንጠልጥላ አካፋዩን ትዘላለች። አንዳንዱ ባጃጅ ደግሞ ዙሩን ለመቆጠብ ዳር ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ በራችን ላይ መቆም ፊልም ማየት ነበር፤ አስፈሪ ፊልም።

ይባስ ብሎ ከዚያው ቢሮ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ማዕከላችን «የትራፊክ መጨናነቅ ስለፈጠረ» ቤዝመንቱን ከመጋዘንነት አውጥተን ፓርኪንግ እንድናደርግ። መጨናነቅ የለም ብሎ የፈረመው እጅ ነው መጨናነቅ አለ ብሎ የፈረመው።

እስከዚያ ድረስ እኔ የምጮኸው «አካፋዩን ክፈቱልን» እያልኩ ነበር። የትራንስፖርት ምሕንድስና የተማረ ዘመድ አለን፤ ለበዓል ሲመጣ በሩ ላይ አቆምኩት። ትንሽ አየና «እንዳይከፍቱላችሁ ጸልዩ» አለኝ። መንገድ ላይ የመኪኖች መስመር የሚጋጭበት፣ የሚቀላቀልበትና የሚለያይበት ነጥብ ይቆጠራል። አራት መንገድ በሚገናኝበት መስቀለኛ 32 ነጥብ አለ፣ ሦስት መንገድ በሚገናኝበት 9። አካፋዩ ቢከፈት በራችን ሦስተኛ መንገድ ሆነ ማለት ነው። ወደ ግራ ሊታጠፍ የሚጠብቅ አንድ መኪና የውስጠኛውን መስመር ይዞ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮት ይቆማል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ ወደ ቀኝ ብቻ ታጥፎ የሚገባና ወደ ቀኝ ብቻ ታጥፎ የሚወጣ መኪና ማንንም አያቋርጥም። የተዘጋው አካፋይ ለመኪናው ደግ ነው። የጎዳው እግረኛውንና ባጃጁን ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችንን ቀየርን። ለመኪና መክፈቻ ተውነው። ለእግረኛ ዜብራ፣ አካፋዩ መሃል ላይ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚተነፍስበት ጠባብ ክፍተት ይሠራልን አልን። መልሱን ልንገራችሁ፦ «ዜብራ ከተቀባ መኪና ፍጥነት ይቀንሳል።» እንዴ! ታዲያ እኛ የጠየቅነው ምን ሆነና! ዜብራው ብዙ ተለምኖ ተቀባ፣ ክፍተቱ ግን እስካሁን አልተሠራም። ሰው ዜብራውን ተከትሎ ይመጣና ድንጋዩን ይዘላል።

አሁን ከፓርኪንግ መመሪያው ጋር የምጣላበት ላይ ደረስኩ። ፓርኪንግ የሚጠየቀው በወለል ስፋት ልክ ነው። ይህ ስሌት የመጣው ደንበኛው ሁሉ መኪና ከሚነዳበት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚኒያፖሊስ ዳር ላይ በ1956 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሳውዝዴል፣ ጣሪያ ያለው ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ቀዳሚ የሚባለው፣ ከ5 ሺህ በላይ መኪና ማቆሚያ ነበረው። እዚያ ትክክል ነው። እኛ ጋ ግን ሁለት ተማሪዎች ደብተር አስይዘን ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ አስቀመጥን። በእግር የመጣ፣ በባጃጅ የመጣ፣ በታክሲ የመጣ፣ በራሱ መኪና የመጣ እያሉ ጭረት አሰመርናቸው። የመኪናው ዓምድ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ለአንድ መኪና ማቆሚያ ከነመተላለፊያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ይሄዳል። በዚያ ቦታ ላይ ስንት ባጃጅ ተሳፋሪ አውርዶ እንደሚሄድ አስቡት። ባጃጅ አይቆምም፣ አውርዶ ይሄዳል።

ቤዝመንቱን ታዘን ፓርኪንግ አደረግነው። መውረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ክረምት ላይ ውኃ ይገባበታል። መኪና ያለው ሰው አንዴ አይቶት መንገድ ዳር ያቆማል። ማዘዣው ተፈጽሟል፣ ፋይሉ ተዘግቷል፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው።

የሠራልን ነገር ማንም ያላዘዘን ነው። የፊት አጥራችንን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ አስገባንና በራሳችን ቦታ ላይ የባጃጅ ማውረጃ ሠራን። ከበሩ አለፍ ብሎ፣ ወደ መውጫው በኩል ነው። ከበሩ በፊት ብታደርጉት የቆመው ባጃጅ የሚገባውን መኪና ይዘጋዋል፤ ይቺን አትርሱ። ለዚህ ነገር በማኅበሩ ውስጥ ጦርነት ተነስቷል። በካሬ ስንት ብር ሊዝ የተከፈለበትን መሬት ለባጃጅ እንስጥ? ፊት ለፊት ሱቅ የደረሳቸው በረንዳቸውን አጡ። አንዱ ወንድማችን እስካሁን ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ግን አሁን በራችን ክፍት ነው፣ ሰውም በዝናብ ሳይበሰብስ ይወርዳል፣ ያችን ሦስት ሜትር ሳያት ከሕንጻው በላይ እኮራባታለሁ።

ማውረጃው እንደተሠራ ተራ አስከባሪዎች መጡ። ይመጣሉ። ቦታው የግል ነው ብላችሁ ከመሟገት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ባጃጅ አውርዶ ወዲያው እንዲሄድ፣ የሚጭነው ግን ማዶ ላይ ተሰልፎ እንዲጭን ተስማማን። ልጆቹ ከትራፊክ ፖሊስ በላይ ሥርዓት አስከብረዋል፣ ሐቁን መናገር አለብኝ።

ጭነት ሌላ ራስ ምታት ነው። የኋላ በራችን በስዕል ላይ ሰፊ ይመስል ነበር። ኤፍኤስአር፣ ትልቁ የኢሱዙ ጭነት መኪና፣ ሲታጠፍ ግን የኋላ ጎማው የፊተኛውን ተከትሎ አይሄድም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የአጥሩን ጥግ ሁለት ጊዜ አፍርሶብናል። የግንብ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሻይ ጋብዙና ባዶ ቦታው ላይ ያዙር፤ ጎማው የሄደበትን በኖራ አስምሩ፣ አጥሩን ከኖራው ውጪ ሥሩ። የትኛውም አማካሪ ይህን አይነግራችሁም። ማራገፍ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ብቻ ይሁን፤ ነጋዴው ያጉረመርማል፣ ይለምደዋል።

ለጥምቀት ሰሞን ዕቃ ከጥር 9 በፊት አስገቡ። ከተራና ጥምቀት ላይ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ መሃል ከተማው ለመኪና አይደለም። ከአዘዞ፣ ከአየር ማረፊያው በኩል፣ የሚመጣው እንግዳም መንገዱን ይሞላዋል። ይህን እንኳ ጎንደሬ ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ግን ባለፈው ጥር 10 ላይ የዘይት ጭነት ያዘዘ አባል አለን።

«ፈቃድ ሳይወጣ ስለ መንገድ አትጠይቁ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። አርክቴክቱ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ከፊታችሁ ያለው መንገድ ወደፊት ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ አካፋይ እንዳለውና ክፍተቱ የት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ነገር ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል። ደብዳቤያችሁ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝ፣ ቅጂው ላይ ገቢ ማኅተም ይመታ። መልስ ባይሰጧችሁም መጠየቃችሁ ይመዘገባል። ከዚያ በሩን አስቀምጡ፣ ከዚያ ሕንጻውን ሣሉ። ሱቅ ማፍረስ ይቻላል፣ በር ማዛወር ግን ምሰሶ መንካት ነው።

በቅርቡ ከጎናችን ያለው ባዶ ቦታ ታጠረ። ሆቴል ሊሠራ ነው። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፣ ስዕሉን አሳየኝ። መግቢያው ከእኛ መውጫ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቋል፤ ከማዶ ተነስታ መንገዱን የምታቋርጥ ቀስትም አለችው። አካፋዩ እዚያው ቆሟል። ለአማካሪው ደውዬ ነገርኩት። «ጸድቋል እኮ» አለኝ።