ናፍጣ የሚሸት የእንቁጣጣሽ ምርቃት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ! ባሕር ማዶ ያላችሁም፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ዓባይን መሻገር ያልሆነላችሁም፣ እዚሁ ጎጃም ተቀምጣችሁ በጎረቤት ወረዳ ያለ ዘመድ መጠየቅ የከበዳችሁም፣ ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላሙን ያብዛላችሁ። መንገዳችን እንደ ድሮው እንደ ልብ እንደማያስኬድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ምርቃቴን አላስረዝምም፦ የወጣ በሰላም ይግባ፣ የተዘጋው ይከፈት። አሜን በሉ።

ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን የምጽፍላችሁ ስለ አደይ አበባ፣ ስለ ችቦና ስለ ልጃገረዶች ዘፈን ነበር። ዘንድሮ ስለ ሞተር ልጽፍ ነው። በዓመት በዓል ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጽሑፍ የማይጥመው ካለ ቡናውን ጠጥቶ ይመለስ፤ አልቀየምም።

በክረምቱ ጣሊያን አገር ቦሎኛ የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እሷ መንዳት ትወዳለች፣ እኔ መኪና ማየት እወዳለሁ፤ ተስማማን። በትንሿ ፊያቷ ወደ ሞዴና አቀናን። መንገዱን ሮማውያን የቀየሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ187 ነው፤ ዛሬም ወለም ዘለም ሳይል ይሄዳል። አካባቢውን «የሞተር ሸለቆ» ይሉታል፤ ፌራሪ፣ ላምቦርጊኒ፣ ማዜራቲና ዱካቲ ሁሉም ተጠጋግተው የሚገኙት እዚያ ነው። ሞተሩን አይቻለሁ፤ ሸለቆውን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የወጣ ሰው እንዲህ ያለውን ሜዳ ሸለቆ ሲሉት ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። ለአክስቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት። «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በዓባይ ነው የምትለካው» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚሁ መንገድ በአንድ ወቅት ሚሌ ሚሊያ የሚባለው ውድድር ያልፍ ነበር። ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮም ደርሶ ወደ ብሬሺያ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውድድር ነበር፤ ለዚሁ ተብሎ በታጠረ ሜዳ ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ከተማና መንደር መካከል። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ በመርሴዲስ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነድቶ አሸነፈ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ157 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። ዴኒስ ጄንኪንሰን ይባላል፤ ጋዜጠኛ ነው። ሁለቱ መንገዱን አስቀድመው ደጋግመው ሄደውበት፣ ጄንኪንሰን መታጠፊያውን፣ ዳገቱንና ድልድዩን ሁሉ በረጅም ወረቀት ጽፎ ጠቀለለው። በውድድሩ ዕለት ጥቅሉን በትንሽ ሣጥን ውስጥ እያሽከረከረ ያነብባል። የሞተሩ ጩኸት ስለማያደማምጥ ቀጥሎ የሚመጣውን በእጁ ምልክት ይናገራል፤ ሞስም ከኮረብታው ማዶ ያለውን ሳያይ የጓደኛውን እጅ አምኖ ይነዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈነዳና መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሰዎችና ዘጠኝ ተመልካቾች ሞቱ፤ ከተመልካቾቹ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። የፍጥነት ውድድሩ በዚያው ቀረ። መቅረቱም ትክክል ነበር።

ሞዴና ያለው ሙዚየም የተሠራው ኤንዞ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1898 በተወለደበት ግቢ ነው። አባቱ ብረት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘው የእሳቸው ወርክሾፕ ዛሬ የሞተሮች ማሳያ ሆኗል። ከፊት ለፊቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው አዲሱ ሕንፃ ጣሪያው ቢጫ ነው፤ የመኪና ኮፈን ቅርጽ አለው። ጎብኚው ሁሉ ወደ ቢጫው ይሮጣል፤ መኪኖቹ እዚያ ናቸዋ። እኔ የቆየሁት አሮጌው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። መኪና ቀለም አለው፣ ቅርጽ አለው፣ ሰው ያታልላል። ሞተር ከመኪናው ወጥቶ ለብቻው ሲቆም ግን የሚደብቀው ነገር የለም፤ ቧንቧው ለምን እንደታጠፈ፣ ብሎኑ ለምን እዚያ እንደገባ፣ ሠሪው የት ላይ እንደተጨነቀ ሁሉ ይታያል። ፌራሪ በስሙ ያወጣው የመጀመሪያው መኪና፣ እ.ኤ.አ. የ1947ቱ 125 ኤስ፣ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ነበረው፤ የአሥራ ሁለቱ ድምር ግን 1.5 ሊትር ብቻ ነው። የአንዱ ፒስተን ስፋት 55 ሚሊ ሜትር። በአንድ እጅ መዳፍ ሁለቱን መያዝ ይቻላል።

የፌራሪ ፋብሪካ ወዳለበት ማራኔሎም ሄደናል፤ ከሞዴና 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ መኪና፣ ዋንጫ፣ ቀይ መኪና፣ ዋንጫ። ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማኸር እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ አምስት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በፌራሪ ነው፤ በመጨረሻው ዓመት ቡድኑ ከ18 ውድድር 15ቱን አሸንፏል። ለወዳጆቹ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ዋንጫ ቶሎ ይሰለቸኛል። የዚያ ዘመን ሞተር ግን አይሰለችም። ሦስት ሊትር፣ አሥር ሲሊንደር፣ በደቂቃ ወደ 19,000 ዙር፤ በሰከንድ ከ300 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ክፍሎቹ እርስ በርስ ከመቀራረባቸው የተነሣ ቀዝቃዛውን ሞተር ማስነሣት አይቻልም፤ አስቀድሞ ውኃውና ዘይቱ ከውጭ መሞቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ፎቶ በስልኬ ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁና ለአጎቴ አሳየኋቸው። አጎቴ ከንጉሡ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በደርግ ዘመን ሁሉ ፊያት ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነድተዋል። ወደ አዲስ አበባ ጤፍ፣ ሲመለሱ ጨው፣ ቆርቆሮና ማዳበሪያ ይጭናሉ። የዓባይን ቁልቁለትና ዳገት፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው መታጠፊያ በመታጠፊያ ይናገራሉ። የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከመከፈቱ በፊት ያለፉት ሁሉ በአሮጌው ድልድይ ነው። ጄንኪንሰንን ስነግራቸው «ረዳት ነዋ!» አሉ። ምልክት ይሰጥ የነበረውን የራሳቸውን ረዳት አስታወሱ፤ ዳገት ላይ መኪናው ሲያቅተው ታኮ ይዞ ዘልሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር የሚወትፈውን። «የእኔው ወረቀት አልነበረውም፤ እግሩን ግን ባወቅህለት!»

ፎቶዎቹን በመነጽራቸው አስጠግተው እያዩ ጥያቄ አወረዱብኝ።

«ይኼ ስንት ሊትር ነው?»

«የመጀመሪያው አንድ ተኩል ሊትር ነው ጋሼ። ዛሬ በፎርሙላ ዋን የሚወዳደሩትም 1.6 ሊትር ናቸው።»

«አንዱ ሲሊንደር?»

«ሁሉም ተደምሮ።»

ፈገግ ብለው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። የሳሎናቸውን በር የሚይዘው የኤንትሬ ፒስተን ነው። ጠርዙ ተፈንክቷል፣ የቀለበቶቹ ቦይ ውስጥ የዘመናት ጥቀርሻ አለ፤ ስታነሡት ክንድ ያዝላል። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር ተኩል በላይ ነው። ቁጭ ብለን አካፈልነው፤ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከ1.7 ሊትር ያልፋል። ያ በሩ ሥር የተቀመጠው ፒስተን ይመላለስበት የነበረው ጉድጓድ የፌራሪን የመጀመሪያ ሞተር አሥራ ሁለት ሲሊንደሮች ድምር ይበልጣል ማለት ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ የተደሰቱትን ደስታ ለማየት ብቻ ጣሊያን ድረስ መሄዱ አይቆጭም።

ቀጠሉ። «ታዲያ ምን ይጭናል?» አንድ ሰው አልኳቸው። «ስንት ዓመት ያገለግላል?» እስከ 2003 እ.ኤ.አ. አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ሳምንት ብቻ ከአንድ በላይ ሞተር መቀያየር ይችል እንደነበር፣ ከዚያ ደንቡ እየጠበቀ መምጣቱን ነገርኳቸው። ይሳለቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልተሳለቁም። ቀዝቃዛው ሞተር የማይነሣው ነገር ላይ ግን ቆም አሉ። በክረምት ሌሊት ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ናፍጣውን ሲያሰንፈው፣ ማለዳ ከሞተሩ ሥር ፍም አድርገው ዘይቱን ያሞቁ እንደነበር አጫወቱኝ። «ፈረንጁም ያሞቃላ!» አሉ፣ አሁን ገና እንደ ሥራ ባልደረባ እየቆጠሯቸው። እኔ ከዚያ ወርክሾፕ ያመጣሁት መደነቅን ነበር፤ እሳቸው ያዩት ግን የሚያውቁትን ሥራ ነው።

አጎቴ ልጅ ሆነው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ጀምረው ነው ወደ ጋራዥ የኮበለሉት። ስለዚህ ሞተሩንም በባሕረ ሐሳብ ነው የሚያስተምሩት። ሞተር አራት ምት አለው፤ መሳብ፣ ማመቅ፣ መፈንዳት፣ ማስወጣት። «ማቴዎስ ይስባል፣ ማርቆስ ያምቃል፣ ሉቃስ ያፈነዳል፣ ዮሐንስ ያስወጣል። ዘንድሮ ማርቆስ ነው፤ የማመቂያው ዓመት። ይጨንቃል። ጉልበቱ በሉቃስ ነው፤ ጳጉሜም ስድስት የምትሆነው ያኔ ነው።» እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ከሰማኋቸው የዘንድሮ ትንቢቶች ሁሉ ይሄኛው ይሻለኛል።

ያ ኤንትሬ ዛሬ የለም። ብቻውን አይደለም፤ ዓባይ በረሃን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩት ስንቶቹ ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ተሸጠዋል፤ የአንዳንዶቻችን ቤት ፌሮ ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። የናፍጣው ዘመንም እየተሸኘ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን ተመርቋል፤ በዚያው በዓባይ ኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ዓባይን ሲሻገር ማየት ሩቅ አይደለም። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም፤ የጥቁሩን ጭስ ነገር ከአውቶቡስ ኋላ ሆኖ ዳገት የወጣ ያውቀዋል። አጎቴ ቅሬታቸው አንድ ብቻ ነው፦ «ድምፅ ከሌለው ሕመሙን በምን ታውቃለህ?»

ሞዴና ውስጥ የአንድ ብረት ሠራተኛ ወርክሾፕ በክብር ተጠብቆ፣ ሰው ከዓለም ዙሪያ ከፍሎ ሲገባበት አይቻለሁ። በዚያ ካሉት ሞተሮች ብዙዎቹ የተሠሩት ለጥቂት ሰዓት ሩጫ ነው። ጎጃምን ሲያበላ፣ ሲያለብስና ቤቱን ቆርቆሮ ሲያስከድን የኖረው ሞተር ግን ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ለቁራሌው በኪሎ ተሸጠ። ይህ ያናድደኛል። ፌራሪ ላይ ቅናት የለኝም፤ የእኛን የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ማንም ቁጭ ብሎ ስለማይጠይቃቸው ነው የምናደደው። ቢጫ ጣሪያ ይሠራልን አላልኩም።

ትናንት ማታ የልጅ ልጃቸው ከጓደኞቿ ጋር እንግጫ ነቅላ መጣች። ከአደይ ጋር ጎንጉና አንዱን በአያቷ ራስ፣ አንዱን በምሰሶው አሰረች። የተረፋትን የምታስርበት ስትፈልግ ፒስተኑን አየችና እሱንም ጠመጠመችው። አጎቴ «እንኳን አደረሰህ» አሉት።

እንግዲህ የበዓል ስጦታ ልለምናችሁ። አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ በጎጃም መንገድ ኤንትሬ ወይም ሌላ የጭነት መኪና የነዳ፣ ረዳት የነበረ፣ መካኒክ የነበረ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ያንቀሳቀሰ ካለ ዛሬ ዶሮው ከተበላ በኋላ ጠይቁት። ከየት ወዴት ይጭን እንደነበር፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ምን እንደገጠመው፣ መኪናውን በምን ስም ይጠራው እንደነበር ጻፉልኝ፤ አሮጌ ፎቶ ካለም ላኩልኝ። ድምፁን በስልካችሁ ቅዱት። እኔ እያሰባሰብኩ በየጊዜው አካፍላችኋለሁ፤ የአጎቴን ጀምሬዋለሁ፤ ገና ደጀን አልደረስንም። ጓሮ ውስጥ የወደቀ ፒስተን፣ ማርሽ ወይም መሪ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ከበዓሉ በፊት ቤት ስታጸዱ ለቁራሌው ያልሰጣችሁት ከሆነ አሁንም አትስጡ።

መልካም አዲስ ዓመት!