ጉርሻ የፈራ ሰው

ከእትዬ ጉርሻ የሚያመልጥ የለም። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራለች፤ ጉርሻዋ ግን ዛሬም የአሰላ ነው። ዶሮውን ከአጥንቱ ትለያለች፣ ከእንቁላሉ ቆረስ ታደርጋለች፣ በእንጀራ ትጠቀልላለች፣ የሕፃን ቡጢ የሚያህል ነገር ይዛ "በሞቴ!" ትላለች።

እ.ኤ.አ. በ2019 የገና ዕለት ያንን ጉርሻ ተቀበልኩ። አኘክሁ፣ ዋጥኩ። ደረቴ መሃል ሲደርስ ቆመ። ትን አላለኝም። መተንፈስ እችላለሁ፣ ማውራትም እችላለሁ። ብቻ አንድ ነገር እዚያ ቁጭ ብሏል። ውሃ ጠጣሁበት፤ ውሃውም ከላዩ ተቀመጠ። ምራቅ አፌን ሞላው። ፈገግ እንዳልኩ ተነሳሁና መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ መለስኩት። ዓይኔ ቀልቶ ስወጣ እትዬ "በርበሬው በዛ እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። መደበቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሌላው ጉድ መጣ። ማታ ማታ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከማሽን ያወጣሁትን በረዶ የመሰለ ኮካ ሁለት ጊዜ ጎንጨት እንዳልኩ ደረቴን አንድ ሰው በሁለት እጁ የጨመቀው መሰለኝ። ሕመሙ ወደ ጀርባዬ አለፈ፤ ወደ መንጋጋዬም ወጣ። ላብ አጠመቀኝ። 911 ደወልኩ። አምቡላንስ ውስጥ ከምላሴ ሥር ናይትሮግሊሰሪን ረጩልኝ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለቀቀኝ። ያኔ አለቀልኝ አልኩ። የልብ መድኃኒት ካስታገሰው ልቤ ነዋ!

በማግስቱ በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቤን ደም ሥሮች አዩ። አንድም የተዘጋ የለም። ለምን እንደተሻለኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥርን ብቻ ሳይሆን የምግብ ቧንቧን የታችኛውን ክፍል ጡንቻም ያላላል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ስለሚያስታግስ የትኛው እንደታመመ አይነግርህም። ግን ይህን አንብቦ ደረቱን ሲያመው "የኔም ጉሮሮ ይሆናል" ብሎ የሚተኛ ሰው እንዳይኖር። እኔ ዛሬም የተለየ ሕመም ከመጣብኝ እሄዳለሁ። ልብ መሆን አለመሆኑን ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም።

ልብ ካልሆነ እንግዲህ ጨጓራ ነው ተባለ። ስምንት ወር ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ዋጥኩ፤ መጀመሪያ በቀን አንድ፣ ኋላ ሁለት። ቃር ላለበት ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። እኔ ግን ቃር አልነበረኝም። አሰላ ያለችው እናቴም በስልክ ተልባ አዘዘችልኝ። ሐቁን ለመናገር ከሁሉም በደህና የሚወርደው ተልባው ነበር፤ ያሟልጫላ።

ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው ውስጥን የሚያዩበት። አስተኙኝ፣ አዩ፣ ናሙናም ወሰዱ። "ንጹሕ ነው፣ ምንም የለህም" ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ምንም የሌለው ሰው ከ74 ኪሎ ወደ 63 ይወርዳል? ቤቱን ገብተው አይተውታል፤ ቤቱ ንጹሕ ነው። የቤቱ ሰዎች ሲጣሉ ግን አላዩም። እኔም ተኝቼ ነበራ፣ ምንም አልዋጥኩም።

ስከሳ ሰው ማውራት ጀመረ። አንዱ ስኳር ነው ይላል፣ አንዱ ሐሳብ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ጋሼ ጎተት አድርገው "ችግር ካለ ንገረን" አሉኝ። እኔ ደግሞ ማኅበር መቅረት ጀመርኩ። ሰርግ ላይ ሳህኔን ይዤ ቆሜ አወራለሁ፤ ቆሞ የሚያወራን ሰው ማንም አያጎርስም። ቤቴ ስገባ ከባለቤቴ ጀርባዬን ሰጥቼ አጥሚት እጠጣለሁ። ካለፈው ሁሉ የምቆጨው በዚህ ነው። ሕመሙ ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ከገበታ አስነሳኝ።

ለእናቴ ያልነገርኩበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የአርሲ ልጅ ነኝ። በአርሲና በባሌ የጉሮሮ ካንሰር ብዙ ሰው ወስዷል፤ ሐኪሞችም ከጥንት ያውቁታል። እኛ አገር "ምግብ አልወርድ አለው" ከተባለ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ያንን ዓረፍተ ነገር በስልክ ለእናቴ ማለት አልቻልኩም።

የዳንኩት፣ ዳንኩ ካልን፣ በአንድ ጥያቄ ነው። ሁለተኛዋ ሐኪም ወረቀቴን ሳታይ "ውሃስ?" አለችኝ። "ምግብ ብቻ ነው ወይስ ውሃም ይቆማል? ከመጀመሪያው ነው ወይስ እየቆየ የመጣ?" ውሃም፣ ከመጀመሪያው፣ አንዳንዴ ነው አልኳት። ወንበሯን አስጠጋች። መጀመሪያ ደረቅ ምግብ፣ ቆይቶ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ውሃው እምቢ እያለ ከሄደ ቧንቧው እየጠበበ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ካስቸገሩ ግን ጥርጣሬው ወደ እንቅስቃሴው ነው። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ እወስድ እንደሆነም ጠየቀችኝ፤ የኦፒዮይድ መድኃኒቶች ራሳቸው ቧንቧውን እንዲህ ያደርጉታል። አልወስድም።

ባሪየም የሚባል ነጭ፣ እንደ ጠመኔ ብጥብጥ ያለ ነገር አጠጥተው በራጅ አዩኝ። ምስሉን ሳየው ሹሩባ መሰለኝ። ቀጥ ብሎ መውረድ የሚገባው ነጭ መስመር እዚህ ታንቆ እዚያ ተነፍቶ ይታያል። በስልኬ አነሳሁት።

ከዚያ ማኖሜትሪ፤ የምግብ ቧንቧው ሲውጥ እንዴት እንደሚጨመቅ የሚለካ ምርመራ። ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ፈርቶ ይቀራልና። ነቅተህ ነው የሚሠሩት። አፍንጫህን በጄል ያደነዝዙና ከስፓጌቲ ትንሽ ወፈር ያለ ቱቦ ያስገባሉ፤ ጉሮሮህ ጋ ሲደርስ ውሃ በስትሮ እየሳብክ አብረህ ትውጠዋለህ። ያ አንድ ደቂቃ ክፉ ነው። እንባዬ ወረደ፣ ሊያስመልሰኝ ታገለኝ። ከዚያ ግን ይለመዳል። በጀርባዬ አስተኙኝና ነርሷ በሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ አፌ ውስጥ ትጨምራለች። "ዋጥ" ስትል እውጣለሁ፤ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል መዋጥ ክልክል ነው። አትዋጥ ሲባል ምራቅ እንዴት እንደሚመጣ! እንዲህ አሥር ጊዜ። አጠገቤ ያለው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ጉንጭ ውሃ በቀለም ይታያል፤ ሰማያዊው ልል፣ ቀዩ የተጨመቀ።

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስንውጥ ጡንቻው ከላይ ወደ ታች በተራ እየተጨመቀ ምግቡን ይገፋል፤ ከላይ እስከ ታች ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። ታች ጨጓራው መግቢያ ላይ ያለው በር በሰዓቱ ይከፈታል። የኔ በር ይከፈታል። ችግሩ ከበሩ በላይ ያለው ጡንቻ ተራውን አለመጠበቁ ነው። መጭመቁ ወደ ታች ለመድረስ ቢያንስ 4.5 ሰከንድ ሊፈጅ ሲገባ፣ ከአሥሩ አራቱ ላይ ቀድሞ ደረሰ። ምግቡ ገና መሃል ላይ እያለ ከሥሩ ይጨመቃል። ስሙ ዲስታል ኢሶፌጂያል ስፓዝም ነው። ስም በማግኘቴ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

በሩ ራሱ የማይከፈትባቸው ሰዎች አሉ፤ አካሌዢያ ይባላል። የእነሱ ሕክምና በሩ ላይ ነው። በፊኛ ይለጥጡታል፤ ወይም ጡንቻውን ይቀዱታል። ይህን ቀዶ ሕክምና ኧርንስት ሄለር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1913 ጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጃፓናዊው ሃሩሂሮ ኢኖዌ በአፍ በኩል በኢንዶስኮፒ መሥራት ጀመረ። እኔም በመጀመሪያ "ቅደዱኝና ልገላገል" ብዬ ነበር። ሐኪሟ በትዕግሥት በርህ ጤነኛ ነው፣ ደህናውን በር አናፍርስ አለችኝ። ስለዚህ ይህ ችግር ያለበት ዘመድ ያለው ሰው "እገሌ እንዲህ ተደርጎለት ዳነ" የሚለውን ወሬ ከመከተሉ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።

መድኃኒቱ በሙከራ ነው የተገኘው። ዲልቲያዜም የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ግፊቴን አወረደው፤ ሁለት ጊዜ ስነሳ ዞረብኝና ተነግሮኝ ተውኩት። የሚንት ዘይት ጠብታ በውሃ ከምግብ በፊት እወስዳለሁ፤ ማስረጃው ትንሽ ነው ብላኛለች፣ እኔን ግን ይረዳኛል። ከሁሉም የጠቀመኝ ማታ የምወስደው ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ነው። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሳነብ ሁለት ሳምንት ከነከረጢቱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እኔ እብድ ነኝ እንዴ? ኋላ እንደገባኝ በዚህ ትንሽ መጠን የሚሰጠው የቧንቧውን የሕመም ስሜት እንዲያበርድ ነው። በሳምንት ሁለቴ የነበረው ሕመም አሁን በሁለት ወር አንዴ ቢመጣ ነው።

አበላሉን ግን ማንም ሐኪም ሊያስተምረኝ አልቻለም። ስለ እንጀራ የሚያውቅ ወረቀት የላቸውም። የሰጡኝ ዝርዝር ስለ ቶስትና ስለ ስቴክ ነው። በራሴ ላይ እየሞከርኩ የደረስኩበት ይህ ነው። የእንጀራ ጠርዝ ጠላቴ ነው፤ መሃሉ በወጥ የራሰ ይወርዳል። ፍርፍር ከጥቅልል ይሻላል፤ ግን እስኪርስ ይጠበቃል፣ ጥድፊያ የለም። ጥብስ አልነካም። ክትፎ፣ ለብለብ ቢሆንም፣ ያልፋል። ድፎ ዳቦ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ውስጥ ሲገባ ሊጥ ይሆንና ይቆማል። ሽሮ ፈሰስ ያለ፣ ቅንጬ፣ እርጎ፣ የጾም ቀን ደግሞ ሱፍ ፍትፍት። ሱፍ ፍትፍትን ያገኘ ሰው ይባረክ። በረዶ ያለው ነገርና አምቦ ውሃ የለም።

ለብ ያለ ውሃ በቴርሞስ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው። ከምግብ በፊት ሦስት ጉንጭ፣ በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ። ለብ ያለ እንጂ የሚፋጅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥን ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቦታል። ለአርሲ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። እናቴንም ገንፎውን አብርጂው እያልኩ አሰለችኳት።

ሲይዘኝ ድሮ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስኩበት ልገፋው እሞክር ነበር፤ አባባስኩት እንጂ። አሁን እነሳለሁ፣ ትንፋሼን በቀስታ አስወጣለሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። የራሴን ምራቅ እንኳ መዋጥ ካቃተኝ ግን ምግቡ ተቀርቅሯል ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለእትዬ የነገርኳት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በፋሲካ ነው። ጉርሻውን ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋ ስልኬን አውጥቼ የራጁን ፎቶ አሳየኋት። "ይሄ የኔ ጉሮሮ ነው" አልኳት። አንገቷን አዘንብላ አየችው።

"ሹሩባ ነው'ንዴ የዋጥከው?"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ "ታዲያ ምን አስደበቀህ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚያው ወደ አሰላ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። እናቴ ሁሉንም ሰማች። ዝም አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ያ ነገር አይደለም?" አለችኝ። "አይደለም እማዬ። ናሙናም ወስደው አይተዋል።" ከስልኩ ወዲያ እልልታ ተሰማ፤ ጎረቤቶቿ ምን ተገኘ ብለው እንደመጡ ኋላ ነገረችኝ።

እትዬ የያዘችውን ጉርሻ ለባለቤቴ ሰጠች። ከእንጀራው መሃል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀደደች፣ መረቅ ውስጥ ነከረች፣ ቆይታ አነሳችው። ጎረስኩ። አኘክሁ። ሰው ሁሉ አፌን ያየኛል፤ ያ ራሱ ያንቃል። ወረደ።

"አንድ ያጣላል" ብላ ሁለተኛውን ልትነክር ጀመረች።

"ቆይ እትዬ፣ አሥር ልቁጠር" አልኳት። እሷም ጮክ ብላ አብራኝ ቆጠረች።