ሁለቱ ራሞች

ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ የእህቴን አሮጌ ኮምፒውተር ፈትቼ ዋልኩ። የሕንፃ ንድፍ ሥራዋን እያጓተተባት ስታዝን ማየት ከበደኝ። የነበረው ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ) ባለ 4 ጊጋባይት፣ ዲዲአር 4 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍጥነቱን የሚያሳይ 2400 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። መገናኛ ያገኘሁት ደግሞ ባለ 8 ጊጋባይት፣ 2666።

ሁለቱን አንድ ላይ ሰክቼ ሳበራው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ደነገጥኩ፤ ገንዘቡ እኮ የወር ቁጠባዬ ነው! አዲሱን አውጥቼ ጫፉ ላይ ያሉትን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ጠረግኩና ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫንኩት። ተነሣ! 12 ጊጋባይት!

ፈጣኑ ከዘገምተኛው ጋር እኩል በ2400 ይሠራል፤ ይሁን። የገዛሁት የቀደመው ዓይነት፣ ዲዲአር 3፣ ቢሆን ኖሮ ግን መሰኪያው ውስጥ እንኳ አይገባም ነበር፤ መግዣ ላይ ይህን አረጋግጡ።

እህቴ ይኸው ንድፏ ላይ ናት፤ እራት እንኳ ረስታለች።